«ጊታሩን የሚጫወተው ማነው?»

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ አንድ ጊታሪስት ነው። ነገሩ የጀመረው ግን በእኔ ኀፍረት ስለሆነ ከዚያው ልነሳ።

እዚህ ሊትልተን የጊታር ክፍል የወሰድኩት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጎደለኝን ክሬዲት ለመሙላት ነበር። ሴሚስተሩ ሲጋመስ መምህራችን «እያንዳንዳችሁ ከቤታችሁ አንድ ዘፈን ይዛችሁ ኑና ተጫወቱልን» አለን። አንዱ ሜታሊካ፣ ሌላዋ የሜክሲኮ ዘፈን ይዘው መጡ። እኔ ከማህሙድ አህመድ ዘፈኖች አንዱን መረጥኩ። ኖታውን በስልኬ እየሰማሁ ለሁለት ሳምንት አጠናሁት። ስጫወተው አንድም ኖታ አልሳትኩም። ግን ዘፈኑ አልመጣም። እጄ ላይ የነበረው የእናቴ ዘፈን ሳይሆን የጣት ማፍታቻ ነበር የሚመስለው።

መምህሩ ትንሽ አሰበና «ኖታው ትክክል ነው። በመጀመሪያው ቅጂ ላይ ጊታሩን የሚጫወተው ማነው? እሱን ደጋግመህ ስማው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የጂሚ ሄንድሪክስን፣ የሳንታናን፣ የጂሚ ፔጅን ስም ማንም ቢጠይቀኝ ሳላስብ እመልሳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ቤታችን ውስጥ፣ መኪናችን ውስጥ፣ በየሠርጉ አዳራሽ የሰማሁትን ጊታር የሚጫወተውን ሰው ስም ግን አላውቅም።

በዚያው ሳምንት እሑድ ኦሮራ አጎቴ ቤት ሄድኩ። ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቤዝመንት ውስጥ ያለውን የካሴት ካርቶን እንዲያሳዩኝ ለመንኳቸው። ካርቶኑ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ተጭኖ የመጣ ነው። ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያወጣሁ ሽፋናቸውን አየሁ። የዘፋኙ ፎቶ በትልቁ አለ፤ ከሥሩ በትንሹ «ሮሃ ባንድ» የሚል አለ። አሁንም አሁንም ሮሃ ባንድ። ቤት ውስጥ ያሉት ካሴቶች ላይ የተጫዋቾቹን ስም አላገኘሁም።

«ጋሼ፣ ጊታሩን የሚጫወተው ማነው?» አልኳቸው።

«ሮሃ ነዋ!» አሉ።

«ሮሃማ ባንዱ ነው። ሰውዬውን ማለቴ ነው።»

አጎቴ ካሴቱን ተቀብለው አገላበጡት። «ይገርምሃል፣ በዚህ ጊታር ስንት ሌሊት ጨፍሬአለሁ መሰለህ። ያኔ ሰዓት እላፊ ነው፤ አንዴ ከገባህ እስኪነጋ መውጣት የለም። መድረኩ ላይ ቆሞ አየዋለሁ፤ ረጋ ያለ ሰው ነው። ስሙን ግን…» ብለው ጥቂት ዝም አሉና «ሰላም! ሰላም ስዩም!» አሉ፤ የጠፋ ቁልፍ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሏቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ስሰማ ከረምኩ። ላካፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከአይቤክስ እስከ ሮሃ

ሰላም ስዩም ወልደማርያም፣ በሙዚቀኞች ዘንድ «ሰላሚኖ»፣ ስሙ የገነነው በ1970ዎቹ አጋማሽ በአይቤክስ ባንድ ሊድ ጊታሪስትነቱ ነው። አይቤክስ አዲስ አበባ ራስ ሆቴል የሚጫወት ባንድ ነበር። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሳክስፎኑን ፈቃደ አምደመስቀል ይጫወቱ ነበር። ዘመኑን አስቡት፦ በ1974 ንጉሡ ወርደው ደርግ ሥልጣን ይዟል። የኢትዮጵያን ሙዚቃ በሸክላ ያሳትም የነበረው አምሃ እሸቴ በ1975 አገር ጥሎ ወጥቷል። ከተማው ውስጥ ፍርሃት አለ። ሙዚቃው ግን አልቆመም።

በዚያው በ1975 ማህሙድ አህመድ ከአይቤክስ ጋር «እሬ መላ መላ»ን ሠራ። ሸክላውን ያሳተመው በዓሊ አብደላ ካይፋ የሚመራው ካይፋ ሪከርድስ ነበር። ይህ ሥራ በ1986 ክራምድ ዲስክስ በተባለ የቤልጅየም አሳታሚ አማካይነት አውሮፓ ደረሰ። በ1999 ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በሚያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ ውስጥ ሰባተኛው ቅጽ ሆኖ እንደገና ወጣ። ዛሬ ዴንቨር ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የሸክላ ሰብሳቢ ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ካነሳባችሁ ምናልባት ይህንን ሥራ ሰምቶ ይሆናል። የሚሰማው ጊታር የሰላም ነው።

በ1976 አይቤክስ ያለ ዘፋኝ፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ እዚያው ራስ ሆቴል ቀረጸ። ይህ ለእኛ ትልቅ ስጦታ ነው። ዘፋኝ በሌለበት ባንዱ ራቁቱን ይሰማል፤ ማን ምን እንደሚሠራ ለይቶ ለማጥናት ከዚህ የተሻለ የለም። ጊታር የምትማሩ ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ከአይቤክስ የወጣው ሮሃ ባንድ ነው። ስሙ የላሊበላ ጥንታዊ መጠሪያ ነው። ሰላምና ጆቫኒ ከአይቤክስ ወደ ሮሃ ተሻገሩ፤ ኪቦርዱ ላይ አቀናባሪው ዳዊት ይፍሩም ነበር። ያን ጊዜ ሸክላ ቀርቶ የካሴት ዘመን መጥቷል። ካሴት ርካሽ ነው፤ በየሱቁ ይባዛል፤ በአውቶቡስ እስከ ገጠር ይሄዳል። ሮሃ ደግሞ የዚያ ዘመን ዋና አጃቢ ባንድ ሆነ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ አስቴር አወቀ፣ ነዋይ ደበበ ከሮሃ ጋር ሠርተዋል። ባንዱ የሠራቸው ካሴቶች ከ200 በላይ እንደሆኑ ደጋግሞ ይነገራል። ቁጥሩን ለጊዜው ትተን የወላጆቻችንን ካርቶን ብንከፍት እንኳ በቂ ምስክር እናገኛለን። የአንድ ትውልድ ሠርግ፣ ልደትና ስንብት ከጀርባው የአንድ ሰው ጊታር ነበረበት።

እኔን ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ይኸኛው ነው፦ ሰላም ሌሊት ጊታሪስት፣ ቀን ተማሪ ነበር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ተምሯል። በ1988 ያቀረበው የመመረቂያ ጽሑፉም ከ1896 እስከ 1974 የነበረውን የዘመናዊ ሙዚቃ አጀማመርና ዕድገት የሚመረምር ነው። 1896 የዐድዋ ድል ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ከሩሲያ የመጡት የነሐስ መሣሪያዎች፣ በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆች፣ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች፣ ይህ ሁሉ የእሱ ጊታር የቆመበት መሠረት ነው። ሙዚቃውን የሚጫወተው ሰው ራሱ ታሪኩን ቁጭ ብሎ ጻፈ። የእሱ ጽሑፍ ዛሬም ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ የሚጽፉ ምሁራን የሚጠቅሱት ነው። እኛ «ሥራና ትምህርት አልተጣጣመልኝም» እያልን ለምናማርር ተማሪዎች ትንሽ የሚያሳፍር ምሳሌ ነው።

በኋላ ሰላምም እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሙዚቀኞች ኑሮውን አሜሪካ አደረገ።

አጨዋወቱ፦ ጆሮ የሚሰማው፣ እጅ የሚሠራው

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። ኖታውን በትክክል እየተጫወትኩ ዘፈኑ ለምን አልመጣም? ቅጂዎቹን ደጋግሜ ስሰማ አራት ነገር አገኘሁ።

አንደኛው ቅኝት ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው አምስት ድምፅ ብቻ አላቸው። ከእነዚህ መካከል አንዱ ለሮክ ጊታሪስት እንግዳ አይደለም። ባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ነው። ይህ እኮ ማንኛውም የሮክ ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው ማይነር ፔንታቶኒክ ራሱ ነው! ሄንድሪክስ የሚጫወትባቸው አምስት ድምፆችና የባቲ ድምፆች እዚህ ላይ ይገናኛሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ የሮሃ መግቢያዎች ለአሜሪካዊ ጓደኞቼ «ብሉዝ» የሚመስሏቸው።

አንቺ ሆዬ ላይ ስንደርስ ግን መንገዱ ይለያያል፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። እስቲ ዶ ላይ ኮርድ ሥሩበት። ሚ የለም፤ ሚ ፍላትም የለም፤ ሶልም የለም። ሜጀርም ማይነርም አይሆንም። አምባሰልም ላይ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ስለሆነ የቤቱ ድምፅ ላይ የተለመደው ኮርድ አይሠራም። እኔ ክፍል ውስጥ የሠራሁት ስህተት ይህ ነበር፤ ከጊታር መጽሐፍ የተማርኩትን ኮርድ ከሥር ጨመርኩበትና ቅኝቱን አፈረስኩት። በእነዚያ ቅጂዎች ላይ ጊታሩ ባለ ስድስት ክር ሙሉ ኮርድ እየገረፈ አይሄድም። ሁለት ድምፅ ወይም አንድ አጭር ሐረግ ይይዝና ይደጋግመዋል። ቅኝቱ ውስጥ የሌለውን ድምፅ አይነካም።

ሁለተኛው ምት ነው። የሮክ ሙዚቃ አብዛኛውን ጊዜ በአራት ይቆጠራል። የእኛ ጭፈራ በስድስት ነው፦ አንድ-ሁለት-ሦስት፣ አራት-አምስት-ስድስት። ምስጢሩ ደግሞ ያው ስድስት በሁለት መንገድ መከፈሉ ነው። እግራችሁ ሁለት ጊዜ ሲመታ፣ አንድና አራት ላይ፣ እጃችሁ ሦስት ጊዜ ማጨብጨብ ይችላል፣ አንድ፣ ሦስትና አምስት ላይ። ሠርግ ቤት ያጨበጨበ ሁሉ ሳያውቀው ይህን ይሠራዋል። ቤዙና ከበሮው አንደኛውን ሲይዙ ጊታሩ በሌላኛው በኩል ይገባል። እስክስታ የሚያስመታው ይህ መፈራረቅ ነው። እኔ ግን ስድስቱን እኩል አድርጌ ስቆጥር ነበር፤ ትከሻ አይነቃነቅበትም።

ሦስተኛው ክራር ነው። ክራር የሚመታበት ሁለት ዋና መንገድ አለ፦ ድርድርና ግርፍ። በድርድር ክሮቹ አንድ በአንድ በጣት ይነካሉ። በግርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ሁሉንም ክር ባንዴ ይገርፋል፤ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች አፍነው የተፈለገውን ብቻ ያሰማሉ። አሁን የሮሃን ጊታር ስሙ። ያ «ቺክ፣ ቺክ» የሚል ደረቅ ድምፅ፣ ከበሮ ይሁን ጊታር ለመለየት የሚያስቸግረው፣ በግራ እጅ የታፈነ ክር ነው። ፈንክ የሚጫወቱ አሜሪካውያንም ይህን ያደርጉታል። በእኛ ጆሮ ግን ክራር ነው የሚመጣው። ለዚህ ይመስለኛል ያ ጊታር መጤ መሣሪያ ሆኖ ሳለ እናቶቻችን እንደ ባዕድ ያላዩት።

አራተኛውና ለእኔ ከባዱ ዝምታ ነው። የሮክ ሊድ ጊታሪስት መድረኩ ፊት ወጥቶ ረጅም ሶሎ ይጫወታል። አጃቢ ጊታሪስት ግን ዘፋኙ ሲዘፍን ከሥሩ ይሆናል፤ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ በሁለት ወይም በሦስት ኖታ ይመልስለታል፤ ወዲያው ደግሞ ይመለሳል። አዝማሪ ማሲንቆውን ለገዛ ድምፁ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ግጥሙን ይለቅና ማሲንቆው ይቀበለዋል። ማሲንቆ ፍሬት የለውም፤ ድምፁን እያንሸራተተ ያለቅሳል። ጊታር ፍሬት ስላለው ያንን ለማግኘት ክሩን በጣት ገፋ አድርጎ ድምፁን ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ብሉዝ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ነው። ጥላሁን ወይም አስቴር ድምፃቸውን ሲያርገበግቡ ከኋላ ሆኖ በአንድ ክር መመለስ ግን ማዳመጥን ይጠይቃል። ጣት ብቻውን አይበቃም።

ሄንድሪክስና ቦሊን ዴንቨር በነበሩ ጊዜ

የምንኖርበት አካባቢ ራሱ የሮክ ጊታር ታሪክ አለው። ጂሚ ሄንድሪክስ በመስከረም 1968 ሬድ ሮክስ ላይ ተጫውቷል። «ኤክስፒሪያንስ» የተባለው ባንዱ የመጨረሻውን ኮንሰርት ያቀረበውም እዚሁ ዴንቨር፣ ማይል ሃይ ስታዲየም፣ ሰኔ 29 ቀን 1969 ነው። ቦልደር ደግሞ ቶሚ ቦሊን ነበር። ዜፈር በሚባለው ባንድ ጀምሮ ጄምስ ጋንግን ተቀላቀለ፤ በ1975 ዲፕ ፐርፕል ውስጥ ገባ። በታኅሣሥ 1976፣ በ25 ዓመቱ አረፈ።

ቀኖቹን አስተያዩአቸው። ከቦልደር የተነሳው ልጅ ከዲፕ ፐርፕል ጋር አልበም በሠራበት በዚያው 1975፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሰላም ስዩም «እሬ መላ መላ»ን ይጫወት ነበር። የአንደኛው ስም አልበሙ ላይ ተጽፏል፤ መጽሔቶች ስለ እሱ ጽፈዋል፤ የተጠቀመበት መሣሪያ ሳይቀር ተመዝግቧል። የሌላኛውን ስም ለማግኘት አጎቴ ቤዝመንት ድረስ መውረድ ነበረብኝ። የልዩነቱ ምክንያት ችሎታ አይደለም። የእኛ ካሴት የሚሸጠው በዘፋኙ ስም ነው፤ እኛም የምንጠራው በዘፋኙ ስም ነው። አጃቢውን «ባንዱ» ብለን በጅምላ እናልፈዋለን።

ዛሬ ነገሩ ትንሽ እየተለወጠ ነው። ጃኖ ባንድ በ2012 በቢል ላስዌል አዘጋጅነት «ኤርታሌ»ን ሲያወጣ ጊታሩ ሳይደበቅ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሮክ መሆኑን ሳያፍር መጣ። ግርማ ይፍራሸዋን በፒያኖ፣ ግሩም መዝሙርን በጊታር ስማቸውን ጠርተን እናደምጣለን። ይህ በር የተከፈተው ግን ከኋላ ቆመው ለዓመታት በተጫወቱት ሰዎች ነው።

የሴሚስተሩ መጨረሻ

ጊታር ለምትሞክሩ ሁሉ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ጊታሩን አስቀምጡና ዘፈኑን እያጨበጨባችሁ ስሙ፤ ትከሻችሁ እስኪገባው ድረስ። ቀጥሎ አምስቱን የቅኝቱን ድምፆች ብቻ ለዩ፤ ስድስተኛውን አትንኩ። ከዚያ ግራ እጃችሁን ክሮቹ ላይ አሳርፉና ያለ ኖታ፣ በ«ቺክ» ብቻ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አጅቡ። በመጨረሻም ከዘፋኙ ጋር ተጫወቱ፤ እሱ ሲዘፍን እናንተ ዝም፣ እሱ ሲተነፍስ እናንተ ሁለት ኖታ።

በሴሚስተሩ መጨረሻ ያንኑ ዘፈን ደግሜ ተጫወትኩት። ከመጀመሪያው ጊዜ በግማሽ ያነሰ ኖታ ነበረው። መምህራችን ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝና «አገኘኸው እንዴ ስሙን?» አለኝ። «ሰላም ስዩም ወልደማርያም» አልኩት። ሰሌዳው ላይ እንድጽፈው ጠየቀኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፌ ከሥሩ በአማርኛ ደገምኩት። ለክፍሉ ምናልባት ተራ ነገር ነው። ለእኔ ግን እጄ ትንሽ ተንቀጥቅጧል።

አጎቴ የካሴት ካርቶኑን ለእኔ ሰጥተውኛል። ካሴት ያረጃል፤ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል፤ ሪባኑ ይጣበቃል። እነዚያን ድምፆች እየሰሙ የጨፈሩ ሰዎችም ያረጃሉ። አሁን በየእሑዱ አንድ ካሴት በኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው፤ ከጎኑ አጎቴ የሚያስታውሱትን የተጫዋች ስም እጽፋለሁ። አንዳንዱን ያስታውሳሉ፤ አንዳንዱን «ቆይ፣ እደውልና እጠይቃለሁ» ይሉና ዲሲ ላለ የጥንት ጓደኛቸው ይደውላሉ። ስልኩ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስሙ አንዳንዴ ይገኛል፣ አንዳንዴ አይገኝም፤ ሳቁ ግን እስከ ላይኛው ፎቅ ይሰማል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ካርቶን አይጠፋም። የሚቀጥለው እሑድ ቡናው ሲፈላ አንዱን ካሴት አንሱና ጠይቁ፦ «ጊታሩን የሚጫወተው ማነው?» መልሱን ጽፋችሁ ወደ ማኅበራችን አምጡት። አብረን እንሰበስበዋለን።

ቸር እንሰንብት።